ይበሰብሳል የተባለው ፌስታል የት ነው የሚበሰብሰው?

ጥቅምት ላይ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወርጄ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ሻጯ እናት መዝነው አረንጓዴ ፌስታል ውስጥ ጨመሩልኝ። ፌስታሉ ላይ የቅጠል ሥዕል ታትሟል። «ፌስታል ተከልክሎ የለም እንዴ?» አልኳቸው። «አብሽር የኔ ልጅ፣ ይሄኛው የሚበሰብሰው ነው» አሉኝ። ኮራ ብለው ነው የነገሩኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ሽንኩርቱን ገልብጬ ፌስታሉን እናቴ ጓሮ ቀበርኩት። ከጎመኑ መደብ አጠገብ፣ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሬ። ከጎኑ ያረጀ የጥጥ ነጠላ ቁራጭ ጨመርኩበት። በልጉ ዘነበበት። ጎመኑ ውሃ በጠጣ ቁጥር እሱም አብሮ ጠጣ። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ስምንት ወር ሲሞላው፣ ቆፍሬ አወጣሁት። ከነጠላው የቀረው ጥለቱ ብቻ ነው። ጥለቱ ሰው ሠራሽ የፋብሪካ ክር ስለሆነ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። ጥጡ ግን አፈር ሆኗል። ፌስታሉ ደብዘዝ ብሏል፤ አንድ የጎመን ሥር በስቶት አልፏል። እጀታው ግን እንዳለ ነው። አጥቤ ሦስት ኪሎ ድንች ጨመርኩበት። ቻለው።

አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ የሠራውን ነገር ምርምር አልለውም። ፌስታሉ ከምን እንደተሠራም የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይበሰብሳል ከተባለ፣ የት ነው የሚበሰብሰው?

እኛ «ይበሰብሳል» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሽንኩርቱ ራሱ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ጓሮ ሲጣል ይጠቁራል፣ ይሟሟል፣ አፈር ይሆናል። ደሴ ብርድ ላይም፣ ባቲ ሙቀት ላይም፣ ሐይቅ ዳርም ያው ነው። ፍጥነቱ ይለያይ እንደሆን እንጂ መጨረሻው አይለወጥም። ለዚህ ነው የት ብለን የማንጠይቀው። ፕላስቲክ ላይ ሲጻፍ ግን ይኸው ቃል ሌላ ነገር ነው የሚለው። «ተስማሚ ሙቀት፣ እርጥበት፣ በቂ ባክቴሪያና በቂ ጊዜ ካገኘ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በልተውት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ ራሳቸው አካል ሊለውጡት ይችላሉ» ማለት ነው። «ካገኘ» የምትለዋ ቃል ፌስታሉ ላይ አትጻፍም። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እሷ ላይ ነው።

ይህን ከማንም በላይ አደባባይ ያወጣው ባሕር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሞጂን ናፐርና ሪቻርድ ቶምሰን የሦስት ዓመት ሙከራ ውጤት ይፋ አደረጉ። ከተለያየ ነገር የተሠሩ ፌስታሎች ሰበሰቡ። ተራው ነበረበት፣ «ይበሰብሳል» የተባለው ነበረበት፣ «ኮምፖስት ይሆናል» የተባለውም ነበረበት። ከፊሉን አፈር ውስጥ ቀበሩ፣ ከፊሉን ባሕር ውስጥ አጠለቁ፣ ከፊሉን ፀሐይና ንፋስ ላይ ሰቀሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል ከአፈርም ከባሕርም ሲወጣ ዕቃ ጨምረው ተሸከሙበት። ከሁለት ኪሎ በላይ ቻለ። እኔ ጓሮ ያየሁትን ነገር እነሱ በሥርዓቱ አይተውታል።

የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ኮምፖስት ይሆናል የተባለው ፌስታል ባሕር ውስጥ በሦስት ወር ከዓይን ጠፋ። ያው ፌስታል አፈር ውስጥ ሲቀበር ከ27 ወር በኋላም አለ፤ ዕቃ ሲጨመርበት ይቀደዳል እንጂ ቅርጹን ይዟል። አንድ ዓይነት ፌስታል፣ ቦታው ብቻ ተቀየረ፣ ዕጣው ተቀየረ። በዚያ ላይ «ጠፋ» ማለት «ተበላ» ማለት ላይሆን ይችላል። ተሰባብሮ ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖም ሊጠፋ ይችላል። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ ዓሣ ይውጠዋል፣ ዛጎል ያጣራዋል፣ ተመልሶ ሰው ማዕድ ላይ ይመጣል።

መሰባበርና መበላት ለምን እንደሚለያዩ ለመረዳት ፕላስቲክን እንደ ሙስበሃ ወይም እንደ መቁጠሪያ አስቡት። ትናንሽ ዶቃዎች በአንድ ክር ላይ በሺህ ተሰክተዋል። ባክቴሪያ ይህን ረጅም ሰንሰለት እንዳለ ወደ ሰውነቷ ማስገባት አትችልም። ስለዚህ ኢንዛይም የሚባል መቁረጫ ከሰውነቷ ውጭ ትረጫለች። ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን ይቆራርጣል፣ ቁርጥራጩን እሷ ትበላለች። ጠላ ወይም ቀሪቦ የጠመቀች እናት ይህን በተግባር ታውቀዋለች። ብቅሉ ለምን ይገባል? የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር የሚያደርገው በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስለሆነ ነው። ያለ ብቅል እህሉ እህል እንደሆነ ይቀራል።

የተራው ፌስታል ችግር እዚህ ላይ ነው። ፖሊኤትሊን ይባላል። ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦን ከካርቦን ጋር የተያያዘበት ነው፤ ኢንዛይም የሚይዘው ቋጠሮ የለውም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፣ ማዕበል ይፈጨዋል፤ ግን እየተሰባበረ ያው ፖሊኤትሊን ነው። ይበሰብሳሉ የሚባሉት ፕላስቲኮች ሲሠሩ ግን በየመሀሉ ቋጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ውሃና ኢንዛይም ቋጠሮውን ሊፈቱት ይችላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥያቄው ቋጠሮውን የሚፈታ ሰው ቤት አለ ወይ ነው።

ማለዳ ገጠር የወጣ ሰው የፍግ ክምር ሲጨስ አይቷል። በደሴ ብርድ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እያለ፣ ክምሩ እንፋሎት ይተፋል። እጅ ቢሰዱበት ያቃጥላል። ውስጡ ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያና ፈንገስ እየሠራ ነው። ኮምፖስት ይሆናል የሚባለው ፕላስቲክ የሚፈተነው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው፤ ያውም በፋብሪካ ደረጃ በተዘጋጀ። የአውሮፓው መለኪያ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት፣ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል። የእናቴ ጓሮ እዚያ ሙቀት አጠገብ አይደርስም። የአንድ ቤት ትንሽ የፍግ ክምርም ቢሞቅ እንኳን ሙቀቱን ለወራት ይዞ አይቆይም።

ባሕር ደግሞ የፍግ ክምር ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው የውቅያኖስ ውሃ ጥልቅ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን የሚደርሰው ላይኛው ሽፋን ብቻ ጋ ነው። ከታች ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ይወርዳል። ውሃው ሰፊ ነው እንጂ ምግቡ ስስ ነው። ባክቴሪያዎቹ ለመባዛት ከካርቦን ሌላ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ፤ ክፍት ባሕር ላይ እነዚህ ጥቂት ናቸው።

አንድ ፌስታል ባሕር ሲገባ ምን ይደርስበታል? መጀመሪያ ይንሳፈፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጭን ልጋግ ይለብሳል፤ ልጋጉ የባክቴሪያ ሰፈር ነው። ከዚያ አልጌ ይበቅልበታል፣ ትናንሽ ዛጎሎች ይጣበቁበታል። ይከብዳል። ይሰምጣል። ሲሰምጥ ፀሐይ ያጣል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ማለትም የሚበሉት ተሕዋስያን በተሰበሰቡበት ሰዓት ሥራቸው ወደሚቀዘቅዝበት ቦታ ይወርዳል። ይህ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የሚበሰብስ ፕላስቲክ ፒኤልኤ ነው። ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ይሠራል። የቀዝቃዛ መጠጥ ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ክዳን ይሆናል። «ከበቆሎ የተሠራ» ሲባል ሰው ልቡ ያርፋል፤ በቆሎ የማይበሰብስበት አገር የት አለና። ነገር ግን ፒኤልኤ ከ60 ዲግሪ ገደማ በታች እንደ ብርጭቆ የደረቀ ነው። ውሃውም ኢንዛይሙም በቀላሉ ወደ ውስጥ አይገቡም። እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች የፒኤልኤ ክር ባሕር ውስጥ ከትተው ከ428 ቀን በኋላ አዩት። የመበስበስ ምልክት አልነበረበትም። አጠገቡ ያስቀመጡት ከሴሉሎስ የተሠራ ክር ግን በአንድ ወር አካባቢ ነበር የፈረሰው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ወረቀት ሴሉሎስ ነው። ቃጫም አብዛኛው እሱ ነው። የእናቴን ነጠላ ጓሮ ውስጥ የበላው ሠራተኛ ባሕርም ውስጥ ዘመድ አለው። ሴሉሎስን ተሕዋስያን በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያውቁት ኖረዋል፤ ፒኤልኤን ያዩት ትናንት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ከምን ተሠራና ምን ይሆናል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፖሊኤትሊን አለ፤ ሰንሰለቱ ከነዳጅ ከሚሠራው ጋር አንድ ስለሆነ ፈጽሞ አይበሰብስም። በተቃራኒው ፒቢኤቲ የሚባለው በአብዛኛው ከነዳጅ የሚሠራ ሆኖ ተስማሚ ቦታ ካገኘ ይበሰብሳል። አንዳንድ ፌስታል ደግሞ ተራ ፖሊኤትሊን ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር ብረት ነክ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ነው። «ኦክሶ» ይሉታል። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ፌስታሉን ወደ ስብርባሪ መለወጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከገበያ አስወጥቶታል።

ባሕር ውስጥ በእርግጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ፒኤችኤ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል። ሰው ስብ እንደሚያከማች ሁሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲተርፋቸው በሰውነታቸው ውስጥ ፒኤችኤ ያከማቻሉ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟን እ.ኤ.አ. በ1926 ነው ያገኘው። ባክቴሪያ የሠራውን ባክቴሪያ ሊበላው ይችላል፤ በባሕር ውስጥም የሚበሉት ሞልተዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ሥራ የተለያዩ ፕላስቲኮችን ከ757 ሜትር እስከ 5,552 ሜትር ጥልቀት ድረስ ባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ነበር። ፒኤችኤና ሌሎች ጥቂት ዓይነቶች ያን ጨለማና ብርድ ውስጥም ተበሉ፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ቀነሰ። ፒኤልኤ እንዳለ ቀረ።

ፒኤችኤም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ወፍራም ነገር ከቀጭን ነገር ይዘገያል፤ ባክቴሪያ የምትበላው ከላይ ከላይ ነውና። አንድ ጥናት የፒኤችኤ የውሃ ጠርሙስ ባሕር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለመበስበስ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል ብሎ ገምቷል። ከተራው ሃይላንድ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነገር ነው። ለአንዲት ኤሊ ግን ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ኤሊ ፌስታልን ከምትበላው ጄሊፊሽ ከሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ መለየት ስለማትችል ትውጠዋለች። ተመራማሪዎች ከባሕር ኤሊ ሆድ በወሰዱት ፈሳሽ ውስጥ ፌስታል ነክረው 49 ቀን አቆዩ። የሚበሰብሰው ፌስታል ከክብደቱ ያጣው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ኤሊዋን ለማነቅ የሚበቃው እዚያው አለ።

የባሕር ኤሊ አላየንም፣ ላም ግን አይተናል። ባለፈው ፋሲካ ሰፈራችን ቅርጫ ሲታረድ ጨጓራው ተከፈተ። ሣር ካመነዠከው ነገር መሀል አንድ ጠንካራ ጥቅል ወጣ። የሰው ጭንቅላት ሊያክል ምንም አልቀረው። ፌስታል ነው፤ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ገመድ ታስሮ። አራጁ በቢላው ሊሰነጥቀው ሞክሮ አቃተው። ዙሪያውን የቆምን ሰዎች ዝም አልን። የከብት ጨጓራ 39 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው፣ በባክቴሪያ የተሞላ፣ ደረቅ ገለባን ወተት የሚያደርግ ቤት ነው። ለመበስበስ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ፌስታሉን ግን አልነካውም።

ከላብራቶሪና ከእውነተኛው ባሕር መሀል ያለውን ርቀትም ማየት ያስፈልጋል። ባሕር ውስጥ ይበሰብሳል የሚል የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት የታወቀ ፈተና አለ። የባሕር ውሃ ማሰሮ ውስጥ ይደረጋል፣ ፕላስቲኩ ይከተታል፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። በስድስት ወር 90 በመቶው ከተበላ አለፈ ይባላል። የውሃው ሙቀት 30 ዲግሪ ነው። 30 ዲግሪ የሆነ ባሕር በዓለም ላይ ብዙ የለም። ፈታኞቹ ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ለአፈር፣ ለጨው አልባ ውሃ፣ ለባሕር፣ ለቤት ኮምፖስትና ለፋብሪካ ኮምፖስት የተለያየ የምስክር ወረቀት ነው የሚሰጡት። አንዱን ያለፈ ሌላውን አለፈ አይባልም። ይህ ልዩነት ሱቅ ሲደርስ አንድ የቅጠል ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ቀይ ባሕር በዚህ ረገድ ለየት ያለ ነው። የኮምቦልቻ ሹፌር ድሮ አሰብ፣ ዛሬ ጅቡቲ ሲወርድ እጁን ነክሮ ያውቀዋል፤ በሞቃቱ ወቅት ላዩ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። የባብ ኤል መንደብ በር ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ አይገባበትም። በዚህ ምክንያት ቀይ ባሕር ታች ድረስ ከ21 ዲግሪ በላይ ነው። ፒኤችኤ እዚያ ከቀዝቃዛው የአውሮፓ ሰሜን ባሕር ይልቅ ቶሎ ቢበላ አይደንቅም። ፒኤልኤ የሚፈልገው 58 ዲግሪ ግን ቀይ ባሕርም የለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ውሃ እንምጣ። የወሎ ቆሻሻ ባሕር ይደርሳል ወይ?

ቦርከናን ተከተሉት። ደሴን አቋርጦ፣ ዶሮ መዝለያን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ይገባል። ከኮምቦልቻ ጨፋ፣ ከጨፋ ከሚሴ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይገባም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ሚሌ ወንዝም ወደዚያው ነው። ክረምት ላይ የደሴ ጎርፍ ጠራርጎ የወሰደው ፌስታል የሚቀረው ጨፋ ረግረግ ላይ፣ የአፋር ግራር ላይ፣ ከብትና ግመል በሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። ውቅያኖስ አያየውም።

በምዕራብ በኩል በሽሎ አለ። ከመቅደላ ሥር አልፎ አባይ ይገባል። አባይ ሜዲትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። ግን በመሀል የሕዳሴ ግድብ አለ፣ ሱዳን ላይ ሮዘሪስ፣ ሴናርና መረዌ አሉ፣ ግብፅ ላይ አስዋን አለ። ከላስታ የሚነሳው ተከዜም ግድብ ይጠብቀዋል። ግድብ ደለል ይይዛል፤ ከደለል ጋር ፕላስቲክም ይይዛል። ደለል ውስጥ የተቀበረ ፌስታል ኦክስጅን በሌለበት ነው የሚተኛው።

ሐይቅ ተብሎ የሚጠራው የወሎው ሐይቅ ደግሞ ጭራሹኑ መውጫ የለውም። የአርዲቦ ውሃ በአንክርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ነው። የገባበት ነገር ይቀርበታል። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲጎትት አይቻለሁ። ሦስት ቆሮሶ፣ አንድ የሃይላንድ ክዳን፣ አንድ ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉን አራግፎ ታንኳው ጀርባ ላይ አስቀመጠው እንጂ መልሶ አልጣለውም። «ብጥለው ነገም የሚጠብቀኝ እሱ ነው» አለኝ።

ለዚህ ነው የባሕሩ ጥናት ለወሎ ሰው ሩቅ ወሬ የማይሆነው። ባሕር ውስጥ ያለቀ ፌስታል ሐይቅ ውስጥ ያልቃል ማለት አይደለም። የጃፓኑ ሪከን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሰዓታት የሚፈርስ አዲስ ፕላስቲክ ሠርቻለሁ ብሏል። ሰንሰለቱን የሚፈታው ጨው ነው። እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሐይቅ ግን ጨው የለውም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ጊዜው ስለሆነ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊሜትርን መለኪያ አድርጎ ስስ ፌስታልን ሊገታ ሞክሮ ነበር። ገበያው ሳይሰማው ኖረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ፌስታልን ማምረት፣ ማስገባት፣ መሸጥና መጠቀም ከልክሏል። ትክክል ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ ክፍት የሆነውን ቦታ ማን ይሞላዋል የሚለው ነው። አንድ ነገር ሲከለከል ሌላ ነገር በሌላ ስም ይመጣል።

አንዱ ቀድሞ መጥቷል። «የጨርቅ» የምንለው፣ አሁን በየሱቁ የተሰቀለው ባለቀለም ቦርሳ። አብዛኛው ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ክር ሆኖ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና ክብሪት አስጠጉበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ይሄኛው ይቀልጣል፣ ይሸበሸባል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። ደጋግሞ ከተያዘ ከፌስታል ይሻላል። ሲያረጅና ሲጣል ግን ብጥስጣሹ ፌስታል ከሄደበት ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ባለቅጠል ሥዕሉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ፕላስቲኮች መጠቀም ባሕር የሚገባውን ፕላስቲክ ይህን ያህል እንደማይቀንስ ተናግሯል። ሌላም ነገር አንስቷል፤ ሰው ይበሰብሳል ሲባል ለመጣል ይደፍራል። ይህን በራሴም አይቼዋለሁ። ያን አረንጓዴ ፌስታል ስቀበል የተሰማኝ ዕረፍት ነበር። ዘንቢሌን ቤት ረስቼ መውጣቴን ያስረሳኝ እሱ ነው።

ወሎ ከፌስታል በፊት ዕቃ ሳይሸከም አልኖረም። ባቲ ሰኞ ገበያ ዛሬም ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣል። ስልቻ አለ፣ አቁማዳ አለ፣ የቃጫ ጆንያ አለ፣ ዘንቢል አለ። እነዚህን የምቆጥረው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ኮባም፣ ቃጫም፣ ጥጥም ዋና ነገራቸው ሴሉሎስ ነው። ደሴ ጓሮም፣ ጨፋ ረግረግም፣ ሐይቅ ዳርም፣ ስክሪፕስ የሞከረበት ባሕርም ውስጥ የሚበላቸው አላቸው። ፋርማሲ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ያለ ፕላስቲክ የማይሆን ነገር ይኖራል፤ እሱን አልክድም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም።

የሚበሰብስ ፕላስቲክ ከመጣም በሩ ላይ ሊጠየቅ ይገባል። አምራቹና አስመጪው ፌስታሉ ላይ በአማርኛ ይጻፉበት። ከምን ተሠራ፣ በየትኛው መለኪያ ተፈተነ፣ አፈር ነው ውሃ ነው የፋብሪካ ኮምፖስት። 58 ዲግሪ የሚፈልግ ከሆነ 58 ዲግሪ የሚሰጠው ቦታ ከተማችን ውስጥ የት ነው? ያ ቦታ ከሌለ የቅጠሉ ሥዕል ይነሳ።

ባለፈው ሳምንት ከጓሮ ያወጣሁትን ፌስታል አጥፌ ሰኞ ገበያ ተመለስኩ። ሻጯ እናት አላወቁኝም፤ ፌስታሉን ግን አወቁት። ስምንት ወር አፈር ውስጥ እንደነበረ ነገርኳቸው። እጀታውን ይዘው ሳብ ሳብ አደረጉት። ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው ሥሩ የበሳውን ቀዳዳ አዩ። «እኔማ ሲነግሩኝ ነው ያመንኩት» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ቀጥለውም «የሚያመጣልኝ ልጅ ሐሙስ ይመጣል። ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉኝ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩላቸው። የት ነው የሚበሰብሰው? በስንት ጊዜ? በምን ያህል ሙቀት? ማን ፈትኖታል? ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ እሳቸውም ከኋላዬ ደገሙት። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከብሩ ጋር ቋጠሩት።